«የማይጠለፍ ስልክ» ይሉኛል፤ 95 ሺህ ብር ልክፈልበት?

ሐረጎ ቁልቁለት | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጉዳይ ይዤ መጣሁ፤ ሳትስቁ አንብቡልኝ።

ደሴ እኖራለሁ፣ ኮምቦልቻ እሠራለሁ። የአንድ ነጋዴ ሒሳብ ነው የምይዘው። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ቴሌግራሙን ወሰዱበት። በሱ ስም ለዘመድ ለጎረቤት «አስቸኳይ ነው፣ 5 ሺህ ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» እያሉ ጻፉ። ሦስት ሰው ላከ። አንዷ እናቴ ናት።

ከዚያ ወዲህ ስልኬን ማመን አቃተኝ። የአለቃዬ ደረሰኝ እዚያ ነው፣ የባንኩ ነገር እዚያ ነው፣ የራሴም ጉድ እዚያ ነው።

አሁን ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰው አገኘሁ። ከዱባይ ዕቃ ያመጣል። ፒክስል ስልክ ይዟል፤ ያገለገለ ነው ግን ንጹሕ። ግራፊን ኦኤስ የሚባል የአንድሮይድ ዓይነት ሲስተም ጭኖበታል። «ይሄንን ኤፍቢአይም አይጠልፈው» አለኝ። ዋጋው 95 ሺህ ብር።

እውነት የማይጠለፍ ስልክ የሚባል ነገር አለ? ወይስ ብሬን ከሐረጎ ላይ ቁልቁል ልበትነው ነው?

---

ምን አለኝ | ሰኞ፣ ማታ 2፡22

አንተን ማን ይጠልፍሃል ወንድሜ? 95 ሺህ ካለህ በግ ግዛበት። እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ስልኬም ፓስወርድ የለውም፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ።

---

ባለ ሸዋበር | ሰኞ፣ ማታ 3፡05

እኔ ደሴ ሸዋበር ላይ ስልክ እጠግናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስለ ኤፍቢአይ አላውቅም፤ ስለ ጠረጴዛዬ ግን ልንገርህ።

ሰው ስክሪን ሊያስቀይር ይመጣል። «ፓተርኑስ?» እለዋለሁ፤ የቀየርኩት ስክሪን መሥራቱን ማየት አለብኝ። ምን ያደርጋል መሰለህ? ወረቀት ላይ ፓተርኑን ይስልና በፕላስተር ስልኩ ጀርባ ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ «ፒያሳ ደርሼ መጣሁ» ብሎ ይሄዳል። የሚመለሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ስልኩ ውስጥ የባንክ አፕ አለ፣ የመታወቂያው ፎቶ አለ፣ የሚስቱ ፎቶ አለ። እኔ አልነካም፣ ወላሂ። ግን ያልተነካው እኔ ስላልነካሁት ነው እንጂ ስልኩ ስለጠበቀው አይደለም።

የብዙው ሰው ፒን 1234 ነው። ካልሆነ የተወለደበት ዓመት። ካልሆነ የበኩር ልጁ የተወለደበት። ሦስቴ ሞክሬ የሚከፈት ስልክ ስንት እንደሆነ ብነግራችሁ ትደነግጣላችሁ። (የምሞክረው ባለቤቱ «ረሳሁት» ብሎ ፊቴ ቆሞ ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስላችሁ።)

ሳምሰንግ ያላችሁ፣ አዲሶቹ ላይ ሜንቴናንስ ሞድ የሚባል ነገር አለ። ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት። ስታበሩት ስልኩ ለኔ ይከፈታል፤ ፎቶውም መልእክቱም አካውንቱም ግን አይታየኝም። ፒክስል ላይ ደግሞ ሪፔር ሞድ ይሉታል። እስካሁን አብርቶት የመጣ ደንበኛ አንድ ብቻ ነው። እሱም መምህር ነው።

የአክስትህ ልጅ ኮዱን ራሱ ለሰው ሰጥቶ ነው አይደል? እስቲ ጠይቀው።

---

ሐረጎ ቁልቁለት | ሰኞ፣ ማታ 3፡31

ደወልኩለት። «ሽልማት ደርሶሃል፣ በቴሌግራም የመጣልህን አምስት ቁጥር ንገረን» ብለውት ነው። ነገራቸው። ዲግሪ አለው እኮ።

---

ባለ ሸዋበር | ሰኞ፣ ማታ 3፡33

ታዲያ ቁጥሩ የመጣው 95 ሺህ ብሩ ስልክ ላይ ቢሆን ኖሮ አይነግራቸውም ነበር?

---

ቢት ከኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ማታ 4፡10

ጋሽ ሸዋበር ያሉት እውነት ነው። ግን ስልኩም ፍርዱን ያግኝ። እኔ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ግራፊን ኦኤስን አንድ ዓመት ከምናምን ተጠቅሜበታለሁ።

መጀመሪያ የሚያስቀው ነገር፦ ከጉግል ለመሸሽ የጉግልን ስልክ ነው የምትገዛው። እስካሁን ሲሠራ የኖረው ፒክስል ላይ ነው። ምክንያት አለው። ፒክስል ውስጥ ታይታን ኤም የሚባል ለብቻው የተቀመጠ የደኅንነት ቺፕ አለ። አንድ ሰው ፒን ሲገምት በየስህተቱ እያስጠበቀ ያዘገየዋል። ሌላው፣ የራስህን ሶፍትዌር ከጫንክ በኋላ ቡትሎደሩን (ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ ተነስቶ ሲስተሙን የሚያስነሳውን) መልሰህ መቆለፍ ትችላለህ። ከዚያ ስልኩ በበራ ቁጥር የተጫነው ነገር እንዳልተነካካ ይፈትሻል። ብዙ ስልክ የመጀመሪያውን ይፈቅድልህና ሁለተኛውን ይከለክልሃል፤ በሩን ከፍተህ ገብተህ መቆለፊያ እንደሌለው ቤት ማለት ነው።

የምወድለት ሌላም አለ። አንድን አፕ ከኢንተርኔት መከልከል ትችላለህ። ፕሌይ ስቶርም እንደ ማንኛውም አፕ ተራ ይይዛል፤ የቤቱ አባወራ አይደለም። ስልኩ 18 ሰዓት ሳይከፈት ከቆየ ደግሞ ራሱን ያጠፋና ይበራል። ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ስልክ በርቶ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የመቆለፊያው ቁልፎች ሜሞሪ ላይ ይቀመጣሉ። ጠፍቶ ሲበራና ገና ፒን ሳይገባ ግን አይኖሩም። የተሰረቀ ስልክ ለመክፈት ለሚታገል ሰው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ዋናው ግን አፕዴት ነው። ከ2023ቱ ፒክስል 8 ጀምሮ የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ተገብቷል (ዓመቱ የፈረንጅ ነው)። እዚህ ሱቅ ከሚሸጡት ርካሽ ስልኮች ስንቱ ሁለተኛ ዓመቱ ላይ አፕዴት ያገኛል? በ2020 እኮ አፍሪካ ውስጥ በተሸጠ አንድ ርካሽ የቴክኖ ሞዴል ላይ ከካርቶኑ ሳይወጣ የተጫነ ትሪያዳ የሚባል ማልዌር ተገኝቶ ነበር። ሰው ሳያውቀው የሚከፈልበት አገልግሎት እየመዘገበ ኤርታይም ይበላል። ከተጠቀሱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ካምፓኒው ችግሩ ከአንድ አቅራቢ የመጣ ነው አለ። ያኔ «ካርዴን ቴሌ በላው» ሲሉ ከነበሩት መሃል ስንቱ የገዛ ስልኩ በልቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ማብሪያ ማጥፊያ ያላቸውም ስልኮች አሉ። ሊብረም 5 የሚባለው ጎኑ ላይ ሦስት ማጥፊያ አለው፦ ለካሜራና ማይክ፣ ለዋይፋይና ብሉቱዝ፣ ለኔትወርክ። እንደ ቤት መብራት ቀጭ ታደርገዋለህ። ፓይንፎን ደግሞ ክዳኑን ስትከፍት ውስጡ ላይ አለ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን አፕን ከአፕ በመለየት ረገድ አንድሮይድን አያህሉም፤ ካሜራቸውም ለሠርግ አይሆንም።

---

ምን አለኝ | ሰኞ፣ ማታ 4፡19

አፕን ከኢንተርኔት መከልከል ምን ይጠቅማል? ያለ ኢንተርኔት ምን ይሠራል?

---

ቢት ከኮምቦልቻ | ሰኞ፣ ማታ 4፡24

የባትሪ መብራት አፕ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል? ኪቦርድስ? የምትጽፈውን ሁሉ የሚያየው እሱ ነው። «ጠላትማ ምን ጊዜም ጠላት ነው፤ አስቀድሞ መግደል አሾክሿኪውን ነው» ይል የለ ያገሬ ሰው።

---

ዲሲ ወሎዬ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡40 (እኔ ጋ ገና ሰኞ ማታ ነው)

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰላም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያደግሁ ነኝ፤ ሐረጎ የሚል ስም ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ኤፍቢአይም አይጠልፈው» ያለህ ሰውዬ አሳቀኝ። ኤፍቢአይ እኮ ራሱ ስልክ ሸጦ ያውቃል!

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጅ 2018 ፋንተም ሴክዩር የሚባል፣ ለወንበዴ ምስጢራዊ ስልክ የሚሸጥ ኩባንያ ተዘጋ፤ አለቃውም ታሰረ። ገበያው ባዶ ሆነ። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው አኖም የሚባል አዲስ ስልክ እየሠራ ነበር። ኤፍቢአይ አገኘውና ቅጣቱ እንዲቀልለት ከነሱ ጋር ለመሥራት ተስማማ። አኖም ገበያ ወጣ። መልእክት መላኪያው ካልኩሌተር ውስጥ ተደብቋል። ወንበዴው ተሻማበት። «ይሄ ነው አስተማማኙ» እየተባባለ ራሱ ደላላ ሆነለት። የእያንዳንዱ መልእክት አንድ ቅጂ ግን ለፖሊስ ይሄድ ነበር። በጁን 2021 ይፋ ሲሆን ስልኩ ከ12,000 በላይ ሆኗል፣ ከ100 በላይ አገር ገብቷል፣ 27 ሚሊዮን መልእክት ተሰብስቧል። ከ800 በላይ ሰው ታሰረ።

ከዚያ በፊት በ2020 ደግሞ ኢንክሮቻት ነበረ። 60 ሺህ ገደማ ተጠቃሚ ነበረው። የፈረንሳይ ፖሊስ ሰርቨሩ ውስጥ ገባና በዚያው በኩል የራሱን ሶፍትዌር ስልኮቹ ላይ ጫነ። ኩባንያው ነቅቶ ለደንበኞቹ «ስልካችሁን አጥፍታችሁ ጣሉት» የሚል መልእክት ሲልክ ወራት አልፈው ነበር። እስቲ አስበው፣ ብዙ ሺህ ከፍለህ የገዛኸው ስልክ በመጨረሻ የሚልክልህ መልእክት «ጣለኝ» የሚል ሲሆን።

ወንበዴ ሲያዝ ደስ ይለኛል፤ ነገሬ ሌላ ነው። እነዚያ ስልኮች «እመነኝ» ከሚል ሻጭ በቀር ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ግራፊን ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ ሁሉ ያየዋል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ኢንተርኔት ላይ ያለው ክፍት ኮድና ኮምቦልቻ ሰውየው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ መሆናቸውን ማን ነገረህ?

ወደኛም አገር ልምጣ። በ2014 (የፈረንጅ) ሲቲዝን ላብ የሚባለው የቶሮንቶ የምርምር ተቋም አንድ ሪፖርት አወጣ። ውጭ ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ ፋይል ተልኮላቸው ነበር። ፋይሉ ውስጥ ሃኪንግ ቲም የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ የሚሸጠው መሰለያ ተደብቋል። በ2017 ደግሞ ሌላ፦ በኢሜይል ቪዲዮ የሚመስል ሊንክ ይመጣል፣ «ለማየት ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ» ይላል፣ የምታድሰው ግን መሰለያውን ነው። በመሃል በ2015 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈና የገዛ ኢሜይሉ አደባባይ ወጣ! ሰላይ ሻጩም ከጠላፊ አላመለጠም።

ልብ በሉ፣ በሁለቱም የከፈተው ሰውዬው ራሱ ነው። በኋላ ፔጋሰስ የሚባለው የስልክ መሰለያ መጣና መንካትም ቀረ። በ2021 የተገኘው በአይፎን መልእክት መላኪያ፣ በአይሜሴጅ ይላካል፤ የተላከለት ሰው ምንም ሳይጫን ስልኩ ይያዛል። አፕል በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደፈነው። በ2022 ደግሞ ሎክዳውን ሞድ የሚባል አወጣ። እሱን ስታበራ ስልኩ ብዙ ነገር ይከለከላል፣ ትንሽም ይሰለቻል፤ የሚገባበት ቀዳዳ ግን ይጠብባል።

እንግዲህ ፔጋሰስ ርካሽ ነገር አይደለም። ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ማንም አያወጣውም። አይክፋህ ወንድሜ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ኧረ ደስ አለኝ እንጂ ምን ይከፋኛል።

---

ፋይበር ሰው | ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

ስለ ስልኩ ብዙ ተባለ፤ ስለ ሲሙ ማንም አላነሳም። እኔ ዕድሜዬን ኬብል ስስብና ማማ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ የምጽፈው ጊዜ ስላለኝ ነው።

ሲም የገባበት ስልክ ሁሉ ለማማው «አለሁ» ይላል። እንዲህ ካላለ ማን ይደውልልሃል? ከደሴ ተነስተህ ሐረጎን ስትወርድ ስልክህን አንዱ ማማ ለሌላው እያቀበለ ነው የሚወስድህ። ወሬህ ሳይቋረጥ ኮምቦልቻ የምትደርሰው ስልኩ የት እንዳለ ስለሚታወቅ ነው። ግራፊን በለው፣ ሊብረም በለው፣ ባለ አዝራሯ ስልክ በላት፣ እዚህ ላይ ሁሉም እኩል ናቸው። ሲሙ ደግሞ በመታወቂያህ ወጥቷል። ያ ማጥፊያ ያለው ስልክ ኔትወርኩን ስታጠፋ ይሸሸግ ይሆናል፤ ያኔ ግን ስልክ መሆኑም ይቀራል።

ስልክህ ውስጥ ያለው የኔትወርክ ቺፕም የራሱ ሶፍትዌር አለው። ያንን ሶፍትዌር የሚያውቀው የሠራው ፋብሪካ ነው። ግራፊንም አልጻፈው። ደህናዎቹ ስልኮች ቺፑን ከዋናው ሜሞሪ አጥር ያጥሩለታል እንጂ ውስጡን አይለውጡትም።

ሌላው ኤስኤስ7 ይባላል። ቴሌኮሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። በፈረንጅ 1970ዎቹ የተነደፈ ነው፤ ያኔ ቴሌኮም ማለት ጥቂት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለነበሩ ይተማመኑ ነበር። እንደ ድሮ ሰፈር በለው፣ በር አይቆለፍም። ዛሬ ሰፈሩ ሞላ፣ በሩ ግን ያው ነው። በፈረንጅ 2014 ጀርመኖች በዚያ በኩል ጥሪና መልእክት መጥለፍ እንደሚቻል በአደባባይ አሳዩ። በ2017 እዚያው ጀርመን ሌቦች በዚህ መንገድ የባንክ ኮድ የያዘ ኤስኤምኤስ ወደ ራሳቸው አዙረው የሰው ሒሳብ አራቆቱ። የባለሒሳቦቹ ስልክ አልተነካም። ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ብቸኛው መቆለፊያህ አይሁን። ቴሌግራም ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብራ። የአክስትህ ልጅ ይሄን አብርቶ ቢሆን ኖሮ አምስቱን ቁጥር ቢነግራቸውም ፓስወርድ ይጠየቁ ነበር።

---

ቢት ከኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡02

ጋሼ ስለ ቴሌግራም ካነሱ አይቀር። ብዙ ሰው ቴሌግራምን ምስጢር ጠባቂ አድርጎ ያስባል። ተራው ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተቆለፈም (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ እንዳያነበው አልተደረገም)፤ ሰርቨራቸው ላይ ነው የሚቀመጠው። የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብላችሁ ለብቻው የከፈታችሁት ነው። ግሩፕማ ጭራሽ የለበትም። ዋትሳፕና ሲግናል ከመጀመሪያው ይቆለፋሉ። በፈረንጅ 2016 አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ሲግናልን ስለ ተጠቃሚ መረጃ አምጣ ቢለው መስጠት የቻለው ሁለት ነገር ነው፦ አካውንቱ የተከፈተበትን ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የገባበትን ቀን። ሌላ የለውም።

ግን ሲግናል ላይ ማን አለ? የኔ ሲግናል ላይ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ነን። ዘመዱ ሁሉ ቴሌግራም ነው።

---

ባለቅመሟ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

ልጆቼ፣ ግማሹ አልገባኝም፤ ግን አነበብኩት። ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር ቅመም ነው የምሸጥ። ይሄን የምጽፈው በልጄ ስልክ ነው።

እናንተ ሰው እንዳያይብን ትላላችሁ። እኔ ያጣሁት ሌላ ነው። በኛ 2014፣ በጦርነቱ ጊዜ ከከተማው ስንወጣ ስልኬ እዚያው ቀረ። ተመልሼ ስመጣ ቤቱም ባዶ፣ ስልኩም የለም። ብሩን አልቆጨኝም፣ ብር ይመጣል። የሟች ባሌ ድምፅ ነበረበት። «የቡናውን ዕቃ ይዤ እየመጣሁ ነው» ብሎ የላከልኝ፣ ሌላም ሌላም። ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ማንም አልጠለፈኝ፤ ራሱ ስልኩ ይዞብኝ ጠፋ።

አሁን ደግሞ ቴሌብር አለኝ። ይሄ ስልክ ቢሰረቅ ብሬ ይሄዳል ወይ? ልጆቹም አሉ፣ ጨዋታ ብለው ይነካኩታል።

---

ባለ ሸዋበር | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡48

እትዬ፣ አላህ ይማርልዎ። ከዚህ ሁሉ ወሬ የርስዎ ነገር ነው ልቤን የነካው።

ሁለት ነገር ልንገርዎ። አንደኛ፣ ሌባ ስልኩን መክፈት ካቃተው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ይከታል። ያኔ ኮዱ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። ስለዚህ ሲሙ ራሱ ፒን ይኑረው። የስልኩ መቆለፊያ ሌላ፣ የሲሙ ሌላ ነው። ስናበራው ግን ተጠንቅቀን ነው፤ ሦስቴ ከተሳሳቱ ይዘጋል፣ ፒዩኬ ቁጥር ይጠይቃል። ሲሙ የመጣበትን ካርድ ካልጣሉት እዚያ ላይ አለ። የቴሌብሩን ፒን ደግሞ ከቴሌ ነኝ ብሎ ለሚደውልም፣ ለልጅዎም፣ ለኔም አይንገሩ።

ሁለተኛ፣ ፎቶውና ድምፁ ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ። እኔ ጋ ይምጡ፣ ፍላሽ ላይ እገለብጥልዎታለሁ። ፍላሹን ስልኩ ካለበት ቤት ሌላ ቦታ፣ እህትዎ ጋ ያስቀምጡት። ክፍያ የለውም፤ ትንሽ ኮረሪማ ይዘው ይምጡ።

---

ባለቅመሟ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55

ኮረሪማው አለ። ቡናውንም አፈላለሁ፣ ጀባ።

---

ምን አለኝ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

አሁን እኔ ፓስወርድ የለኝም ማለቴ ጥፋት ነው?

---

ዲሲ ወሎዬ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

የምትደብቀው ባይኖርህ፣ ስልክህ ውስጥ የሌላ ሰው ነገር አለ። የእህትህ ፎቶ፣ የጓደኛህ ዕዳ፣ የአለቃህ ቁጥር። እነሱ ፈቅደውልሃል? አገራችንም እኮ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1321/2016። አዋጁ ኪስህ ገብቶ ፓስወርድ አያስገባልህም እንጂ።

---

ቢት ከኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሐረጎ፣ ስልኩን ልትገዛ ከሆነ ብር ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ሰውዬው ፊት ስልኩን አጥፍተህ አብራው። ሲነሳ የማስጠንቀቂያ ገጽ ይመጣል። ቀለሙን እይ።

ቢጫ ከሆነ፦ ሌላ ሶፍትዌር ተጭኗል፣ ግን ቡትሎደሩ ተቆልፏል። መሆን ያለበት ይሄ ነው። ገጹ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰልፍ አለ። ፎቶ አንሳውና ግራፊን ድረ ገጹ ላይ ለዚያ ሞዴል ካወጣው ጋር አስተያየው። አንድ ፊደል ከተለየ ተወው።

ብርቱካናማ ከሆነ፦ ቡትሎደሩ ክፍት ነው። ማንም ስልኩን ለአንድ ሰዓት ካገኘው የፈለገውን ይጭንበታል፣ ስልኩም አያውቅም። ያ ሁሉ የጻፍኩት ጥበቃ የለም ማለት ነው።

ሌላ ያገለገለ ፒክስል ልትገዛና ራስህ ልትጭን ከሆነም ተጠንቀቅ። ጓደኛዬ ከአሜሪካ አስመጥቶ ነበር። በአንድ ቴሌኮም በኩል የተሸጠ ሆነና ቡትሎደሩን ለመክፈት የሚያስፈልገው «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለው ደብዝዞ አልነካ አለው። እንዲሁ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅህ፦ አንዳንድ የባንክ አፕ ግራፊን ላይ አልከፍትም ይላል። ስልኩ ጉግል የፈቀደው ሶፍትዌር ላይ አይደለም ብሎ ነው። የኔ ባንክ እንዲህ አድርጎኝ ለባንክ ብቻ ሌላ አሮጌ ስልክ ይዤ እዞራለሁ። አፕዴት የቀረበት። ሳቁብኝ።

---

ባለ ሸዋበር | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡04

ብሩ ያለው አሮጌው ላይ፣ ጥበቃው ያለው አዲሱ ላይ! ዘበኛውን ባዶ መጋዘን ላይ አቁመኸዋል በለኛ።

---

ቢት ከኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡06

ሳቁብኝ አልኩ እኮ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ሄድኩ። ሰውዬው ሱቅ ገብቼ «አጥፍቼ ላብራው» አልኩት። «ምን ይሠራልሃል?» አለ። «እንዲሁ» አልኩ። ሲነሳ ብርቱካናማ ሆነ። በደንብ ብርቱካናማ።

«ቀለሙ ምን ያደርግልሃል፣ ወዲያው ይጠፋ የለ» አለኝ። ያነበብኩትን ነገርኩት። ሌባም አይመስለኝም፤ እሱም የሰማውን ነው የሚሸጠው። ዱባይ የጫነለት ልጅ መጨረሻው ላይ መቆለፉን ትቶት ይሆናል። ወይ አስቦበት ትቶት ይሆናል። ማን ያውቃል። ወዲያው 80 ሺህ አወረደልኝ።

አልገዛሁም።

---

ቢት ከኮምቦልቻ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡41

ስልኩ ራሱ ጥፋት የለበትም እኮ። ሁሉም ነገር ተጠርጎ ከኦፊሴላዊው ድረ ገጽ እንደ አዲስ ከተጫነና ከተቆለፈ ደህና ይሆናል። ላፕቶፕና ኬብል ብቻ ነው የሚፈልገው። ያንን ግን 80 ሺህ የሚያወጣ አታድርገው።

---

ሐረጎ ቁልቁለት | እሁድ፣ ማታ 12፡50

የመጨረሻ ዜና። ሐሙስና ዓርብ የራሴን አስተካከልኩ። ፒኔን ስድስት ቁጥር አደረግኩት፣ ሲሙ ላይ ፒን አበራሁ፣ የማላውቃቸውን አፖች አጠፋሁ። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስ» የሚለውን ስከፍት ድሮ የሸጥኩት ስልክ አሁንም ገብቶ ተቀምጧል! ሁለት ዓመት ሙሉ። አስወጣሁት።

ዛሬ ደግሞ እናቴ ጋ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ስልኳን ተቀብዬ ቱ ስቴፑን አበራሁላት። «ፓስወርድ ምን ይሁን?» አልኳት። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝና ፊቷን አዙራ ራሷ ጻፈች። ቀስ እያለች፣ ፊደል በፊደል።

«ምን ብለሽ ነው?» ስላት፣ «አንተም ብትሆን አልነግርህም» አለችኝ።

---

ባለ ሸዋበር | እሁድ፣ ማታ 1፡02

እሳቸው ሱቄ ቢመጡ ሥራ አቆማለሁ።

---

ምን አለኝ | እሁድ፣ ማታ 1፡15

ሐረጎ፣ ያ ሰውዬ ስልኩን ሸጠው? 70 ካለ ቁጥሩን ላክልኝ። በግል ግን፣ እዚህ አትጻፈው።